ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ፍላሹን ይፈትኑት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ ፊት ሁለት መንገድ ተደቅኗል፤ ላፕቶፑ አቅሙ ካለው ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር፣ ከሌለው ደግሞ እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን። እንደ አዲስ ሲጫኑ ሁለቱም የሚጀምሩት ቡተብል ፍላሽ፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚነሳበትን ፍላሽ፣ ከማዘጋጀት ነው። ማዘጋጀቱ ዛሬ ከባድ አይደለም፤ ፋይሉን ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፣ ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍተው ያስጀምሩታል፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፍላሹ ብልሽት የሚታወቀው አሮጌው ዊንዶውስ ከተደመሰሰ በኋላ ነውና። ፋይል መገልበጡ 40 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ ቢል ሌላ ፍላሽ ማዘጋጀት ይኖርብዎታል፤ ለዚያ የሚያስፈልግዎ ኮምፒውተር ደግሞ ያው አሁን ባዶ ያደረጉት ነው።

ከዚህ የሚያድነው ኮምፒውተሩ ገና ጤነኛ ሳለ ፍላሹን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስነስቶ ማየት ነው። ቨርቹዋል ማሽን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በመስኮት የሚከፈት፣ ግን ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነገር ነው። ከእርስዎ ራም ላይ ድርሻ ይመደብለታል። የራሱ ሀርድ ዲስክም አለው፤ እርግጥ ይህ ሀርድ ዲስክ በእርስዎ ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ሲበራ እንደ እውነተኛው ማሽን መጀመሪያ ዲስኮቹን ይቃኛል፣ ከየትኛው እንደሚነሳም ይፈልጋል። በውስጡ ፎርማት ቢያደርጉ የሚደመሰሰው ያ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው፤ ፎቶዎችዎና ሰነዶችዎ ባሉበት ይቆያሉ።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች የሚያሳዩት ከኢንተርኔት የወረደውን የአይኤስኦ ፋይል በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንደ ሲዲ ማስነሳትን ነው። ያ ቀላል ነው፣ ጥቅምም አለው፤ የሚፈትነው ግን ፋይሉን እንጂ ፍላሹን አይደለም። አይኤስኦው ጤነኛ ሆኖ ፍላሹ የማይነሳበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው፤ ሲጻፍበት መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ፍላሹ ራሱ ያረጀ ወይም ሀሰተኛ ይሆናል፣ አለዚያም ሩፈስ ላይ የተመረጠው አማራጭ ከሚጫንበት ላፕቶፕ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አይኤስኦውን ብቻ አስነስቶ «ፍላሹን ፈትኜዋለሁ» ማለት አይቻልም።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት ኮምፒውተር ከፍላሽ የሚነሳው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። ሁለት አሠራር አለ። አሮጌው ባዮስ ነው። ባዮስ ስለ ፋይልና ፎልደር የሚያውቀው ነገር የለም፤ የፍላሹን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ያነባል፣ መጨረሻው ላይ የታወቀውን ሁለት ባይት ምልክት ካገኘ እዚያ የተጻፈውን ትንሽ ፕሮግራም ያስጀምራል። ቀሪውን ሥራ የሚጨርሰው ያ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አዲሱ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ይህኛው ፋይል ማንበብ ይችላል፤ ፍላሹ ላይ በፋት አቀማመጥ የተዘጋጀ ፓርቲሽን ፈልጎ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ውስጥ በተወሰነ ስም የተቀመጠውን የማስነሻ ፋይል ይከፍታል። የአይኤስኦ ፋይሉን እንደ ፊልም ፍላሽ ላይ ኮፒ ቢያደርጉት የማይነሳው ለዚህ ነው፤ ባዮስ የሚፈልገው 512 ባይትም፣ ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ፎልደርም አይኖርም፤ ሁሉም ነገር አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። በተለየ መንገድ የሚሠራው ቬንቶይ የሚባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው፤ እሱ የራሱን ማስነሻ ፍላሹ ላይ አስቀድሞ ስለሚጭን አይኤስኦዎቹን ኮፒ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

አንድ ፍላሽ ለሁለቱም ሊመች ይችላል፣ ለአንዱ ብቻም ሊሆን ይችላል። ሩፈስ «የፓርቲሽን ስልት» ብሎ ሲጠይቅ ጂፒቲን ከመረጡ ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲነሳ ይሠራል። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ዩኢኤፍአይ ስለሆነ ለዚያ ይህ ትክክል ነው። ያንኑ ምርጫ ይዘው ባዮስ ብቻ ለሚያውቅ የቆየ ላፕቶፕ ፍላሽ ቢሠሩ ግን ማሽኑ ፍላሹን ጭራሽ እንዳላየ ያልፈዋል። ዩኢኤፍአይ በግል ኮምፒውተሮች ላይ በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ካለዎት ባዮስን ማሰብ አለብዎት።

የዊንዶውስ ፍላሽ ሌላም ችግር አለበት። ፋት32 የሚባለው የፋይል አቀማመጥ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በዊንዶውስ አይኤስኦ ውስጥ ያለው ዋናው የመጫኛ ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የማይክሮሶፍት የራሱ የፍላሽ ማዘጋጃ ፋይሉን ይበልጥ የታመቀ አድርጎ ከመጠኑ በታች ያስገባዋል። ሩፈስ ፍላሹን በኤንቲኤፍኤስ አዘጋጅቶ፣ ዩኢኤፍአዩ ያንን እንዲያነብ የሚያግዝ ትንሽ የፋት ፓርቲሽን መጨረሻው ላይ ይጨምራል። አይኤስኦውን ከፍቶ ፋይሎቹን በእጁ ኮፒ ያደረገ ሰው ግን አንዱ ፋይል ሳይገባለት ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ፍላሽ ይነሳል፣ የመጀመሪያውን ሰማያዊ ስክሪንም ያሳያል፤ የሚከሽፈው መጫኑ ሲጀመር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የወረደውን ፋይል ራሱን ያረጋግጡ። የዛሬ የዊንዶውስ 11 ወይም የኡቡንቱ አይኤስኦ በርካታ ጊጋባይት ነው፤ ኔትዎርክ እየተቆራረጠ፣ የኢንተርኔት ጥቅል እያለቀ፣ ማታ ተጀምሮ ጠዋት የሚያልቅ ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ አንዲት ባይት ብትዛባ በዓይን አትታይም። ማይክሮሶፍትም ኡቡንቱም ከማውረጃው ጋር «ሻ-256» የሚባል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የማረጋገጫ ኮድ ያወጣሉ። ሩፈስ ላይ አይኤስኦውን ከመረጡ በኋላ አጠገቡ ያለችውን የ«ራይት» ምልክት ክሊክ ቢያደርጉ የእርስዎን ፋይል ኮድ ያወጣልዎታል። ሁለቱ ኮዶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከገጠሙ ፋይሉ በትክክል ወርዷል። በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያዩ እንደገና ከማውረድ በቀር መፍትሔ የለም። ይህን ሳያደርጉ ወደ ቨርቹዋል ማሽን መሄድ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ፕሮሰሰርዎ የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ እንዳለውና ድጋፉም እንደበራ ያረጋግጡ። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ድጋፍ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ማስገባት ስለጀመሩ ላፕቶፕዎ ያለው መሆኑ አይቀርም፤ ሆኖም ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍተው የአፈጻጸም ገጹ ላይ ሲፒዩን ሲመርጡ «ቨርቹዋላይዜሽን» ከሚለው ቃል ጎን በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን ያሳያል። ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ጭነው 64 ቢት የሚል ምርጫ ጨርሶ አልታይ ካለዎትም አንዱ የታወቀ ምክንያት ይኸው መዘጋቱ ነው። ራም ላይ ደግሞ 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ 4ቱን ሰጥቶ ዊንዶውስ 11ን መፈተን ይችላል። በ4 ጊጋባይት ጠቅላላ ራም ግን ቀለል ያለ ሊኑክስ ካልሆነ ባይሞክሩት ይሻላል።

ፍላሹን ራሱን ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ለማስገባት ዊንዶውስ ላይ ላለ ሰው እኔ የምመርጠው ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮን ነው። ድሮ በገንዘብ የሚሸጥ ነበር፤ ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለግልም ለሥራም በነጻ ነው፣ ለማውረድ ግን በባለቤቱ በብሮድኮም ገጽ ላይ መመዝገብን ይጠይቃል። የመረጥኩት ፍላሹን በመስኮትና በክሊክ እንጂ በጥቁሩ የትእዛዝ ስክሪን ሳይሆን ማስገባት ስለሚቻል ነው።

ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይክፈቱት፤ አለዚያ ፍላሹን እንዲነካ ዊንዶውስ አይፈቅድለትም። አዲስ ማሽን ሲፈጥሩ ፈጣኑን ሳይሆን ዝርዝሩን መንገድ ይምረጡ። የሚጭኑትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓይነት ይነግሩታል፣ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የሚለውን ይመርጣሉ፤ እዚህ ላይ የሚመረጠው ትክክለኛው ላፕቶፕ የሚጠቀምበት ነው። ዲስክ ሲጠይቅዎት «ፊዚካል ዲስክ ተጠቀም» የሚለውን ይውሰዱ። ከዚያ በቁጥር የተለዩ የዲስኮች ዝርዝር ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። 0 ቁጥር የተሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተርዎ የውስጥ ዲስክ ነው። እሱን ከመረጡ ቨርቹዋል ማሽኑ አሁን እየሠሩበት ያለውን ዲስክ በቀጥታ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ፎርማት ማስመሰል መሆኑ ይቀራል። የዊንዶውስን የዲስክ ማናጅመንት መስኮት ጎን ለጎን ከፍተው በመጠኑ ይለዩት፤ 16 ጊጋባይት ፍላሽ 14 ነጥብ ምናምን ብሎ ይታያል፣ 500 ጊጋባይት ከሚለው ጋር አይምታታም። እርግጠኛ ለመሆን ፍላሹን ነቅለው የትኛው ቁጥር እንደጠፋ ማየትም ይቻላል። ፕሮግራሙ ዲስኩ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ ፍላሹ የተከፈተባቸውን መስኮቶች ሁሉ ይዝጉ፤ ካልበቃም በዲስክ ማናጅመንት ውስጥ ፍላሹ የተሰጠውን የድራይቭ ፊደል ያንሱለት።

ማሽኑ ከተፈጠረ በኋላ ሁለተኛ ዲስክ ይጨምሩለት፤ ይህኛው ተራ ቨርቹዋል ዲስክ ይሁን፣ መጠኑም ለዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት። ቁጥሩ አያስደንግጥዎት፤ የሚይዘው ቦታ የሚያድገው የገባበትን ያህል ብቻ ነው። ይህን ካልጨመሩ ጫኙ የሚያገኘው ብቸኛ ዲስክ ፍላሹ ራሱ ይሆናል፣ «የት ልጫን?» ሲልም የሚያሳይዎት እሱኑ ነው። ሁለቱም ዲስኮች ሲታዩ ደግሞ በመጠናቸው ለይተው ትልቁን ይምረጡ፤ የፍላሹን ፓርቲሽኖች እንዳይነኩ።

ቨርቹዋልቦክስም ይህንኑ ይሠራል፤ ነጻ ነው፣ ብዙ ሰውም ያውቀዋል። ነገር ግን ፍላሹን እንደ ዲስክ ለማሳየት በትእዛዝ መስመር ትንሽ ጠቋሚ ፋይል መፍጠርን ይጠይቃል፤ ትእዛዙ ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው መመሪያ ውስጥ አለ። ከ7.0 ስሪት ወዲህ ዊንዶውስ 11 የሚፈልጋቸውን ቲፒኤም የተባለውን የደህንነት ቺፕና ያልተፈቀደ ማስነሻን የሚያግደውን ሴኪዩር ቡትን በቨርቹዋል መልክ ያቀርባል። በመስኮቱ ግርጌ አረንጓዴ ኤሊ ከታየችዎት የማይክሮሶፍት የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ሀይፐር-ቪ ከሥር በርቷልና ነገሩ ሁሉ ይንቀረፈፋል ማለት ነው። ሀይፐር-ቪ ራሱ በዊንዶውስ ፕሮ ውስጥ ያለ ቢሆንም ለአይኤስኦ እንጂ ለፍላሽ አይመችም። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አለው፤ ቨርት-ማናጀር ፍላሹን እንደ ዩኤስቢ ዕቃ እንዲያስገቡና ከእሱ እንዲያስነሱ ይፈቅዳል። ፋብሪስ ቤላር በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኬሙ ደግሞ ስናፕሾት የሚል አማራጭ አለው፤ በሙከራው ጊዜ ወደ ፍላሹ ሊጻፍ የነበረው ሁሉ ወደ ጊዜያዊ ፋይል ሄዶ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ፍላሹ እንደነበረ ይቀራል። አፕል ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በራሱ ፕሮሰሰር የሠራቸው ማክ ኮምፒውተሮች ግን ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ማሽን የተዘጋጀን ፍላሽ በዚህ መንገድ አያስነሱም፤ ኬሙን በመሰለ አስመሳይ ይቻላል፣ ፍጥነቱ ግን ትዕግሥት ይፈታተናል።

ማሽኑን ሲያበሩ ምን ይጠብቁ? ዊንዶውስ ከሆነ አንዳንዴ ጥቁር ስክሪን ላይ «ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ ይላል። በተለይ አይኤስኦውን እንደ ሲዲ ሲያስነሱ ይህ የተለመደ ነው። በዚያች ቅጽበት የቨርቹዋል ማሽኑን መስኮት በማውስ ካልነኩት ቁልፉ የሚሄደው ወደዚያ ሳይሆን ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ነው፤ ማሽኑም ዕድሉን አሳልፎ ከኔትዎርክ ለመነሳት መሞከር ይጀምራል። በዚህች ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ፍላሽ ተበላሽቷል ተብሎ እንደገና ተጽፏል።

የማስነሻው ዝርዝር ወይም የዊንዶውስ አርማ ከመጣ ፍላሹ በመረጡት መንገድ፣ በባዮስ ወይም በዩኢኤፍአይ፣ መነሳት ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ረክተው ይዘጉታል። አይበቃም። እስከዚህ ድረስ የተነበበው ከፍላሹ ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ትልቁ የመጫኛ ፋይል ገና አልተነካም። ስለዚህ ይቀጥሉ፤ የምርት ቁልፍ ሲጠይቅ «የለኝም» የሚለውን ይምረጡ፣ ለሙከራ አያስፈልግም። ፋይል መገልበጡ ካለምንም ቅሬታ 100 በመቶ ሲደርስ የመረጡት የዊንዶውስ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ከፍላሹ ተነቧል ማለት ነው። ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም አይነበብም የሚል፣ በ80070570 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ከመጣ ግን ፍላሹን አይመኑት።

ከዚያ ማሽኑ ራሱ ያጠፋና ያበራል፤ እንደገና ከፍላሹ ተነስቶ ከ«ሀ» ሊጀምርም ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የማስነሻው ቅደም ተከተል ላይ ፍላሹ ከፊት ስላለ ነው። ማሽኑን አጥፍተው ፍላሹን ከቅንብሩ ያውጡት ወይም ቨርቹዋል ዲስኩን ያስቀድሙ። በእውነተኛው ላፕቶፕ ላይም ይኸው ያጋጥማል፤ እዚህ አንድ ጊዜ ያየው ሰው እዚያ አይደናገጥም።

ሊኑክስ ላይ ሥራው ይቀላል። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ ሲነሳ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች አንዱ ራሱ «ፍላሹን ፈትሽና ጀምር» የሚል ነው፤ የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ ያመሳክራል። ኡቡንቱና ሚንት ሳይጫኑ ከፍላሹ ላይ ይሠራሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አንዳንድ የሊኑክስ ፍላሾችን ዊንዶውስ ላይ ሲሰኩ «ዲስኩ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል መልእክት ይወጣል። ዊንዶውስ የፍላሹን አቀማመጥ ማንበብ ስላልቻለ ነው። እሺ ካሉት የደከሙበት ሁሉ ይጠፋል።

ፍላሹ በተደጋጋሚ ካልተሳካ፣ አይኤስኦውም በኮዱ የተረጋገጠ ከሆነ ጥርጣሬው በፍላሹ ላይ ይሁን። ገበያ ላይ 64 ጊጋባይት ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን የዚያ ሩብ እንኳ የሌላቸው ፍላሾች አሉ። ፍላሹ ስለ ራሱ መጠን ለኮምፒውተሩ ይዋሻል፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ነገር የትም አይቀመጥም፣ ወይም በፊት በተጻፈው ላይ ይደረባል። ሩፈስ በተጨማሪ አማራጮቹ ውስጥ የተበላሹ ክፍሎችን የሚፈትሽ ምርጫ አለው፤ ሙሉ ፍላሹን ጽፎ መልሶ ስለሚያነብ ሀሰተኛውንም ያጋልጣል። ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፣ ሰዓታትም ሊወስድ ይችላል። አዲስ ፍላሽ የገዛ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ቢያደርገው አይከፋም። ከዚህ የሚቀል ምክንያትም አለ፤ ኮፒ ማድረጉ አልቋል ተብሎ ሳለ ኮምፒውተሩ ገና ከራሙ ወደ ፍላሹ እየጻፈ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሊኑክስ ላይ። «በደህና አውጣ» የሚለውን ሳይጠብቁ መንቀል ግማሽ የተጻፈ ፍላሽ ያተርፋል።

እንግዲህ ፍላሹ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ተነሳ፣ ዊንዶውሱም እስከ ዴስክቶፑ ደረሰ እንበል። የተረጋገጠው ፍላሹ ጤነኛ መሆኑ ነው። ላፕቶፑ ይቀበለዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያሳየው ዲስክ፣ የኔትዎርክ ካርድና የስክሪን ካርድ ማንኛውም ጫኝ የሚያውቃቸው የተለመዱ ዓይነቶች ናቸው። እውነተኛው ላፕቶፕ እንዲህ ገር አይደለም።

የመጀመሪያው መሰናክል ዲስክ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው በርካታ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል የዲስክ አስተዳደር በርቶ ይመጣል። የዊንዶውስ ጫኝ የዚህ ድራይቨር ከሌለው «ምንም ዲስክ አላገኘሁም» ይላል፤ ዲስኩ ግን አለ። መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ድራይቨሩን አስቀድሞ አውርዶ፣ ፈትቶ እዚያው ፍላሹ ላይ ማስቀመጥና ጫኙ ሲጠይቅ «ድራይቨር ጫን» በሚለው በኩል ማሳየት ነው። ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። የዊንዶውስ 11 አጫጫን በመጨረሻው ላይ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ኢንተርኔቱ ሁልጊዜ አለ፣ ከእርስዎ ኮምፒውተር ይቀበላልና። ላፕቶፑ ላይ የዋይፋዩ ድራይቨር ከሌለ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ድራይቨሩን በፍላሽ መያዝ፣ ወይም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔት ማጋራት ያላቅቀዋል።

ፕሮሰሰሩም ሊለያይ ይችላል። ቨርቹዋል ማሽኑ የሚጠቀመው ፈተናውን የሚያካሂዱበትን ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ በጣም የቆዩ ፕሮሰሰሮች የማያውቁት ትእዛዝ ስለሚፈልግ፣ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ፈተናውን ያለፈው ፍላሽ በአሮጌው ላይ አርማውን እንኳ ሳያሳይ ሊቀር ይችላል።

ስለ ሴኪዩር ቡት ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2024ን ነሐሴ ማስታወስ ይበቃል። ማይክሮሶፍት በዚያ ወር ያወጣው የደህንነት ማሻሻያ የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በሴኪዩር ቡት በኩል የሚያግድ ነበር። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በተጫኑባቸው ኮምፒውተሮች ላይ እንዳይሠራ የታሰበ ቢሆንም ብዙዎቹን መታ፤ ትናንት ይነሳ የነበረ ሊኑክስ፣ ትናንት ይነሳ የነበረ ፍላሽም ጭምር፣ «ከባድ ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ማሽኑን ማጥፋት ጀመረ። ያው ፍላሽ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቢሞከር ግን ያለችግር ይነሳል፤ እገዳው የተመዘገበው በላፕቶፑ ሰሌዳ ላይ ባለው ማስታወሻ ውስጥ እንጂ በፍላሹ ላይ አይደለምና። መሳቢያ ውስጥ ዓመታት የቆየ የሊኑክስ ፍላሽ ያለው ሰው እሱን ከመፈተን አዲሱን አውርዶ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ስለዚህ ከቨርቹዋል ማሽኑ በኋላ አንድ አጭር እርምጃ ይቀራል፦ ፍላሹን እውነተኛው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ ምንም ሳይጭኑ እስከ መጀመሪያው ስክሪን ድረስ ማስነሳት። ሊኑክስ ከሆነ ዋይፋዩን፣ ድምጹን፣ የማውስ ሰሌዳውን እዚያው መሞከር ይቻላል። ዊንዶውስ ከሆነ ዲስክ እስኪመረጥበት ስክሪን ድረስ ሄዶ ዲስኩ መታየቱን አይቶ መውጣት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አይደመሰስም። ኮምፒውተራቸው ለቨርቹዋል ማሽን አቅም የሌለው ሰዎችም ቢያንስ ይህን ያድርጉ። ከመሰካትዎ በፊት ግን ዲስክዎ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደሆነ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ይያዙት፤ የማስነሻ ቅንብር ሲነካ ዊንዶውስ ሊጠይቅዎት ይችላል።

ሌላ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ተዘጋጅቶ፣ «አክቲቬት» ተደርጎ በየሱቁ የሚሸጠውን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን ፈትኖ ንጹሕ መሆኑን ማወቅ ይቻላል? አይቻልም። ይነሳል፣ ይጫናል፤ የማያውቁት ፕሮግራም አብሮ መግባቱን ሊያዩም ይችላሉ። ነገር ግን ተንኮለኛ ፕሮግራም ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን አውቆ ዝም ማለት ይችላል፣ እውነተኛ ኮምፒውተር ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል። የባንክ መተግበሪያ፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር ከአምራቹ ገጽ በቀጥታ የወረደ ፋይል ብቻ ይጠቀሙ፤ ዊንዶውስ ያለ ቁልፍም ይጫናል፣ ሊኑክስ ደግሞ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም።

ሁሉም ፈተና ካለፈ በኋላም ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለብጡ፣ የገለበጡትንም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሳያዩ ፎርማት አያድርጉ። ፍላሹንም አዲሱ ሲስተም ለጥቂት ሳምንታት ያለችግር እስኪሠራ ድረስ ለፊልም አይጠቀሙበት።